የጣራ ላበት፤ በዋግ ደጋ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የተደረገው ሽግግርና የግድግዳ እርጥበት

፩. መነሻ

ከሰቆጣ ወደ ደቡብ፥ የዋግ ምድር ወደ ላስታ በሚጠጋበት ደጋ፥ የጋዝጊብላ ወረዳ ይገኛል። መቀመጫው አስከተማ ነው። ሰቆጣ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፥ ወደ ደጋው በወጡ መጠን አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ባለ አገር የቤት ጣራ ተግባር ዝናብን በመከልከል ብቻ ሊወሰን አይችልም። ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር፥ የሌሊቱ ብርድ ይበረታል፤ ጠዋት በሣሩ ላይ ጤዛ፥ ከፍ ባለው ስፍራም ውርጭ ይታያል።

በዚህ ደጋ፥ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፥ የሣር ክዳን ለቆርቆሮ ቦታውን ሲለቅ ቆይቷል። ይህ ለውጥ ዘወትር የሚጻፈው በዕድገት መዝገብ ነው፤ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ከችግር ወጣ ይባላል። አባባሉም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ከቆርቆሮው በታች የሚያድር ሰው የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት ከጣራው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፥ የግድግዳው ራስ ይረጥባል፥ ማዕዘኑም እየቈየ ሻጋታ ያወጣል። ይህ ውሃ ከውጭ የገባ አይደለም፤ ከራሱ ከቤቱ አየር የወጣ ላበት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ የሚከተለው ነው። የሣር ክዳን ሦስት ሥራዎችን በአንድነት ይሠራ ነበር፤ ዝናብ ይከለክላል፥ ሙቀት ይይዛል፥ የቤቱንም እስትንፋስ ያስወጣል። ቆርቆሮ የመጀመሪያውን ሥራ ከሣር በተሻለ ሁኔታ ተረከበ፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን የተረከባቸው የለም። ስለዚህ የግድግዳው እርጥበት የሽግግሩ ጉድለት እንጂ የቆርቆሮው ጥፋት አይደለም፤ ጉድለቱም የሚሞላው ከጣራው በታች ሙቀት የሚይዝ ድርብ በማኖር ነው። እንዲህ ያለው ድርብ በሰሜን ኢትዮጵያ የሕንፃ ታሪክ ውስጥ ሥር ያለው መሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

፪. የሣር ክዳን ሦስት ሥራ

በሰሜኑ ደጋ የተለመደው ቤት ግድግዳው በጭቃ ከተያያዘ ድንጋይ፥ ወይም ቆሞ በጭቃ ከተመረገ እንጨት፥ ክብ ሆኖ ይሠራል። ከመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፤ ከምሰሶው ራስ ወደ ግድግዳው ወራጆች ይዘረጋሉ፤ ወራጆቹም በማገር ተያይዘው በልጥ ወይም በጠፍር ይታሰራሉ። በዚህ አጥንት ላይ ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደንና በጉልላት ይደመደማል። በላስታ ደግሞ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ይገኛል፤ ምድር ቤቱ ለከብት፥ ላይኛው ለሰው ሲሆን፥ መውጫው ከውጭ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ የቤተ ሰቡን መኝታ ያሞቃል፤ ከሙቀቱ ጋር ግን የከብቱ እስትንፋስም አብሮ ይወጣል። ያን ያህል እርጥበት ችሎ የሚያሳልፍ ጣራ ባይኖር ኖሮ፥ እንዲህ ያለው ቤት ለማደሪያ ባልተመቸም ነበር።

የሣሩ ኀይል ያለው በመካከሉ በተያዘው አየር ነው። አንድ ስንዝርና ከዚያም በላይ ውፍረት ባለው ክዳን ውስጥ፥ በአገዳዎቹ መካከልና በአገዳዎቹም ውስጥ፥ የማይንቀሳቀስ አየር ይኖራል፤ የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ የክዳኑ ውጫዊ ገጽ በውርጭ ቢሸፈን እንኳ ውስጣዊው ገጽ ከቤቱ አየር ሙቀት ብዙ አይርቅም። የቤቱ እንፋሎትም ሣሩን ሲነካ የሚቀዘቅዝበት ገጽ አያገኝም፤ ከፊሉን ሣሩ ይጠጣዋል፥ የቀረው በአገዳዎቹ መካከል እየተጣራ ወደ ውጭ ይወጣል። በሌሊት የተጠጣው በማግስቱ በፀሐይና በምድጃው ሙቀት ይደርቃል።

ምድጃው ለዚህ ሥርዐት ግማሽ አካል ነበር። ጭሱ የተለየ መውጫ ሳያሻው በሣሩ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍም ወራጁንና ማገሩን በጥቀርሻ ይለብጣል፥ ተባይንም ያርቃል። የጭቃውም ግድግዳ የበኩሉን ይረዳል። ጭድ ገብቶበት የተቦካ፥ በእበት የተለቀለቀ ጭቃ በሌሊት እርጥበት ይስባል፥ በቀን መልሶ ይለቃል። ይህ ልስን ባለበት ቤት ጥቂት ላበት ቢኖር እንኳ በግድግዳው ላይ ሳይታይ ያልፋል።

የቤቱ ድርቀት በዋግ ከምቾት ያለፈ ዋጋ ነበረው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሰቆጣ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች፤ በአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቆረጠ የሚመጣው አሞሌ ወደ ደቡብ የሚተላለፍባት አንዷ መናኸሪያ እርሷ ነበረች። ጨው፥ በአየሩ ያለው እርጥበት አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ከመቶ 75 እጅ ሲያልፍ፥ ውሃ ስቦ መሟሟት ይጀምራል። እንግዲህ ገንዘቡ አሞሌ ለሆነ ነጋዴ የጣራው ድርቀት የሀብት መጠበቂያ ነበር ማለት ነው። ዋግ የሚታወቅበት ማርም እንደዚሁ እርጥበት ስቦ የሚበላሽ ነገር ነው። በጎታ ያለው እህልና በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያለው የብራና መጽሐፍ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ብራና የእንስሳ ቆዳ በመሆኑ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ይህ በየሌሊቱና በየቀኑ ሲፈራረቅበት ቀለሙና ሥዕሉ ከቆዳው ይለያያል።

ይሁን እንጂ የሣር ቤት ያለ ነቀፋ አልነበረም። በጦርነትም በሰላምም ጊዜ እሳት ያጠፋዋል፤ አይጥና ምስጥ ይገቡበታል፤ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ጣራውን የሚያደርቀው ጭስ የእናቲቱንና የሕፃናቱን ሳንባ ይጐዳል። በቤት ውስጥ የሚነድ ማገዶና የመሰለው ሁሉ በሚያስከትለው የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት ይገምታል። ስለዚህ የሣር ቤትን ሥራ መመርመር ወደ ሣር ቤት እንመለስ ማለት አይደለም።

ሣሩ ራሱም እንዲያው ከሜዳ የሚታጨድ ነገር አልነበረም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ፥ ለክዳን ተመራጭ የሆነውን የጓሳ ሣር የሚያበቅለው ደጋ በቄሮ ሥርዐት ይጠበቅ ነበር፤ መሬቱ ለዓመታት እየተዘጋ፥ ሣሩ ሲደርስ በውሳኔ እየተከፈተ፥ ባለ መብቱ ሁሉ ድርሻውን ያጭድ ነበር። ሥርዐቱ በመቶ ዓመታት የሚቈጠር ዕድሜ ነበረው፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን የተመሠረተበት የርስት ሕግ ስለ ተለወጠ ፈረሰ። ይህ ምሳሌ የሚያስረዳው፥ ሙቀት የሚይዝ ጣራ ከበስተኋላው የመሬት ሕግ፥ የጋራ ጥበቃና የሥራ ደቦ ያለው ተቋም እንደ ነበረ ነው። እርሻና ግጦሽ እየሰፋ የክዳን ሣር በጠፋበት ቦታ ሁሉ ሣር ቤቱ ከቆርቆሮው መምጣት በፊት መዳከም ጀምሮ ነበር።

፫. ድርብ ጣራ በጥንታዊው ሕንፃ

ዝናብ የሚከለክለውን ጣራ ከላይ፥ ክፍሉን የሚዘጋውን የጣራ ሥር ከታች ለይቶ መሥራት በሰሜን ኢትዮጵያ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ጓድ፥ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራው፥ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የሚገነቡበትን የአክሱምን ስልት በሥዕልና በልክ መዝግቧል። የዚህ ስልት ሕያው ምስክር የሆነው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በመግቢያው በኩል የእንስሳት ምስል የተቀረጸባቸው ሳንቃዎች በጣራው ሥር ተደርድረው ይታያሉ።

ለዋግ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ለነገሠው ለንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሰጠው ይህ ሕንፃ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የቆመ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጽፎ አልፏል። ዋሻው ለሕንፃው ላይኛ ጣራ ሆኖ ዝናብን፥ የቀን ፀሐይንና የሌሊቱን ጥርት ያለ ሰማይ ይከለክላል፤ ከሥሩ ያለው በጌጥ የተሠራ የእንጨት ጣራ ደግሞ ክፍሉን ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው አየር ነጻ ሆኖ ይዘዋወራል። እንጨቱ ይህን ያህል ዘመን ሳይበሰብስ የቈየው የዋሻው መጠለያ ስላለው መሆኑ አያጠራጥርም።

በሰቆጣ አቅራቢያ ከዐለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በሌላ መንገድ ያንኑ ያስተምራል። የዋግ ሹሞች አስከሬን እንደ ደረቀ ተጠብቆ በሣጥን የሚገኘው በዚህ ስፍራ ነው። ወፍራም ዐለት የሌሊቱን ብርድና የቀኑን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚቀበል በውስጡ ያለው አየር ድንገተኛ መለዋወጥ አያገኘውም፤ ድንገተኛ መለዋወጥ በሌለበትም ላበት ይቀንሳል።

ከተራው ሰው ቤት ደግሞ የትግራይ ህድሞ አለ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳው ላይ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት ይዘረጋል፤ በላዩ ቀጫጭን እንጨት፥ ቅጠልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በመጨረሻም አፈር ተደልድሎ ይጠቀጠቃል። ከባድ በመሆኑ ብዙ እንጨት ይፈልጋል፤ ጽድና ወይራ በተመናመነበት ዘመን የህድሞ ሥራ የተዳከመውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ሌሊቱን የሚቋቋመው በዚያ በአፈሩ ውፍረት ነው። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ የጣራ ሥር በመላእክት ፊት ተሥሎ ምእመኑ ቀና ብሎ የሚያየው ሰማይ ሆኗል፤ ከላዩ ያለውን ክዳን ማንም ከውስጥ አያየውም።

እነዚህን ሕንፃዎች የሠሩት ሰዎች ስለ ላበት ተጨንቀው እንደ ሠሯቸው ማስረጃ የለም፤ ክብርንና ጌጥን አስበው ይሆናል። ቁም ነገሩ፥ ከጣራ በታች ሌላ ጣራ ማድረግ ለዚህ አገር እጅና ዐይን እንግዳ አለመሆኑ ነው።

፬. የቆርቆሮ አመጣጥ

ሞገድ ያለው የብረት ሉህ የኢንዱስትሪ ዘመን ልጅ ነው። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ሶሬል ብረትን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ አስመዘገበ። በሁለቱ መጋጠም የተገኘው ቀላል፥ ተደራርቦ የሚጫንና ዝናብ የማያሳልፍ ሉህ በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳረሰ።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። መጀመሪያ ከባሕር ጠረፍ በእንስሳ ጀርባ ይጫን ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ዋጋውም ድካሙም ቀነሰ። በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና ፈጥኖ የሚደርስ ወራጅ ስላስገኘ፥ የቆርቆሮው ጣራ የሚያርፍበት አጥንት አብሮ ተገኘ። ክብ ቤት ለሉሁ ቅርጽ ስለማይመች ቤቱም ከክብ ወደ ማዕዘን ተለወጠ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ መኪና በሚገባበት ሁሉ ቆርቆሮው ተከትሎ ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትም አንድ በአንድ ሣራቸውን አውልቀው ለበሱት።

በአዲስ አበባና በትልልቆቹ ከተሞች ቆርቆሮው ከጓደኛው ጋር ነበር የገባው። ስሙ ከጣሊያንኛ የተወሰደው ኮርኒስ ከሳንቃ፥ ደኸየት ባለው ቤት ደግሞ ከተወጠረ አቡጀዴ ወይም ከጆንያ ይሠራል፤ በኋላ ዘመን ችፑድ መጣ። ብዙ ሰው ኮርኒስን ለቤት ጌጥና አቧራ ለመከልከል የተሠራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህም ወደ ገጠሩ ደጋ ቆርቆሮው በአብዛኛው ብቻውን ሄደ። ቆርቆሮ ከሩቅ ያብረቀርቃል፥ የባለቤቱን መሻሻል ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል፤ ኮርኒስን ግን ከቤት የገባ እንግዳ ብቻ ያየዋል፥ በኮርኒሱ ላይ የሚኖረውን ሙሌት ደግሞ ማንም አያየውም። ገንዘቡ አጥሮ አንዱን መምረጥ ግድ በሆነበት ቤት የሚመረጠው የትኛው እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፥ ዝናብን ለመከልከል በተዘረጋው እጅ ሙቀቱ ወደቀ።

የአገሪቱ የሕንፃ ጥናት ለባህላዊው ቤት ፊቱን ያዞረው ብዙም ሳይቈይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ናይግዚ ገብረ መድኅን ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የቤት ዓይነቶች የጻፈው ጥናት ፖል ኦሊቨር ባዘጋጀው ስለ አፍሪካ መጠለያ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። የቤቱ ቅርጽና የተሠራበት ዕቃ ሲመዘገብ፥ ቤቱ በሌሊት ሙቀትንና እንፋሎትን እንዴት እንደሚያስተዳድርም አብሮ መመዝገብ ይገባዋል።

፭. የላበቱ ምክንያት

አየር በሙቀቱ መጠን እንፋሎት ይይዛል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የሚደርስ እንፋሎት ሊይዝ ሲችል፥ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም፤ በ5 ዲግሪ ወደ 7 ግራም ይወርዳል። ስለዚህ እንፋሎት የሞላበት አየር ቀዝቃዛ ገጽ ሲነካ የተረፈውን ውሃ በገጹ ላይ ይጥለዋል። በሜዳ ላይ ጤዛ፥ በቆርቆሮ ሥር ላበት የሚባለው ይህ ነው።

የተኛ ሰው በትንፋሹና በገላው በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ስድስት ሰዎች ለስምንት ሰዓት በአንድ ክፍል ቢያድሩ ሁለት ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ከድስቱና ከእንስራው የሚወጣው፥ በቤቱ የሚያድርም ከብት ካለ የእርሱ ሳይጨመር ነው። የክፍሉ አየር 18 ዲግሪ ሆኖ በሜትር ኩብ 11 ግራም እንፋሎት ቢኖርበት፥ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ በታች የሆነ ገጽ ሁሉ መራስ ይጀምራል። የቆርቆሮው ሉህ ብዙ ጊዜ የሩብ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ውፍረት አለው፤ ብረትም ሙቀትን የሚያሳልፈው ከደረቅ ሣር በብዙ መቶ እጥፍ ነው። እንዲያውም ጥርት ባለ ሌሊት ሉሁ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ በዙሪያው ካለው የውጭ አየር እንኳ ዝቅ ብሎ ይቀዘቅዛል። ዝናብ በሌለበት፥ ከዋክብት በሚታዩበት ሌሊት ላበቱ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ «በጠራ ሰማይ ጣራው አፈሰሰ» ማለት ተረት ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ይህ የጣራው ነው። ግድግዳው የሚረጥበው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፥ ከሉሁ ሥር የተጠራቀመው ውሃ በወራጁ ተከትሎ ወደ ግድግዳው ራስ መውረዱ ነው። ሁለተኛው፥ ይበልጥም የሚረሳው፥ የክፍሉ መቀዝቀዝ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣልና፥ ጣራው ሙቀት ካልያዘ የምድጃው ሙቀት በዚያ በኩል ይጠፋል፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የግድግዳው ውስጣዊ ገጽም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ እንፋሎቱን መሸከም ያቅተውና በግድግዳው ላይ ያራግፈዋል። መጀመሪያ የሚጠቃው አየር የማይዘዋወርበት ስፍራ ነው፤ ማዕዘኑ፥ ከሣጥንና ከአልጋ በስተኋላ ያለው ግድግዳና የግድግዳው ራስ። ግድግዳው በጭቃ ፈንታ በሲሚንቶ ተለስኖ በዘይት ቀለም ከተቀባ ደግሞ የሚጠጣው ስለሌለ ውሃው በገጹ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ብዙዎች ግድግዳውን ደጋግመው ሲያድሱ ደዌው ያለው በጣራው ነው።

፮. የሌላው ዓለም ትምህርት

ሙቀት የሚይዝ ድርብ ሁሉ ያለ ጥንቃቄ መድኀኒት አለመሆኑን የአሜሪካ ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የእንጨት ቤቶች ግድግዳና ጣራ በሙሌት መሞላት ሲጀምር፥ በብዙ ቤቶች የውጭ ቀለም እየተላጠ፥ በጣራ ውስጥም ውሃና ውርጭ እየታየ ባለቤቶቹ «ሙሌቱ ውሃ ይስባል» ብለው አማረሩ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ራውሊና ባልደረቦቹ ነገሩን መርምረው፥ ሙሌቱ ውሃ እንደማይስብ፥ ነገር ግን ከሙሌቱ በላይ ያለው ገጽ ከክፍሉ ሙቀት ስለ ተለየ ከበፊቱ ይልቅ እንደሚቀዘቅዝ፥ በቀዳዳ ሾልኮ የሚያልፈው እንፋሎትም በዚያ ላይ እንደሚያርፍ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ መንግሥት የቤት ሥራ መመሪያ፥ በጣራውና በኮርኒሱ መካከል ላለው ባዶ ቦታ ከኮርኒሱ ስፋት አንድ ሦስት መቶኛ የሚሆን የአየር ቀዳዳ እንዲኖር አዘዘ።

ትምህርቱ በሦስት ቃል ይጠቃለላል፤ ከታች ዝጋ፥ ከመካከል ሙላ፥ ከላይ ክፈት። ኮርኒሱ እንፋሎት እንዳያሾልክ ይዘጋል፤ በኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚይዝ ሙሌት ይኖራል፤ ከሙሌቱ በላይ፥ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል። ይህንን የሚያስተውል ሰው የይምርሐነ ክርስቶስ ሕንፃ በዋሻው ውስጥ ያለውን አቋም ያስታውሳል፤ ከላይ መጠለያ፥ ከመካከል ነጻ አየር፥ ከታች የተዘጋ የእንጨት ጣራ።

፯. ለደጋው ቤት የሚስማማው

በዋግ ደጋ ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ከቤቱ አይርቅም። በወራጆቹ ሥር በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ቀጫጭን እንጨት ወይም አገዳ ይደረደራል፤ ከታች በጭቃና በጭድ ይመረጋል፤ ከላይ ደረቅ ጭድ ቢያንስ የአንድ ስንዝር ውፍረት ተነጥፎ በቀጭን የጭቃ ልባስ ይሸፈናል። የታችኛው ምርጊት እንፋሎትንና የምድጃን ብልጭታ ይከለክላል፤ የላይኛው አይጥንና እሳትን ያርቃል። ሸክሙን የሚችል አግዳሚ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የህድሞ ታሪክ እንዳሳየው የአፈር ጣራ ጠላቱ የእንጨት እጥረት ነውና ልባሱ መቅጠን ይገባዋል። ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ለሆነ ኮርኒስ በጠቅላላው አንድ ዐሥረኛ ካሬ ሜትር የሚሆን የአየር ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ይህም በጣራው ክፈፍ ሥር በሁለት ወገን የሚከፈቱ፥ ጎናቸው 16 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ አራት ቀዳዳዎች ማለት ነው።

ጭሱ ግን ከቀድሞው የተለየ መንገድ ያስፈልገዋል። በሣር ቤት ጭሱ በራሱ ይወጣ ነበር፤ ኮርኒስ በተዘጋበት ቤት መውጫ ያላገኘ ጭስና እንፋሎት ተመልሶ በሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ምድጃው ከመኝታው ተለይቶ ራሱን የቻለ የጭስ መውጫ ያገኛል፤ ካልሆነ ኮርኒሱ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ይበዛል። ግድግዳውም በጭቃና በጭድ እንደ ተለሰነ ቢቈይ የተረፈውን እርጥበት ይጠጣል። በአብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በቆርቆሮውና በመቅደሱ መካከል ያለው የጣራ ሥር መጀመሪያ ሊታሰብለት የሚገባ ስፍራ ነው፤ ከሉሁ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚያርፈው በግድግዳው ሥዕልና በዕቃ ቤቱ ብራና ላይ ነውና።

፰. መደምደሚያ

ዋግ በታሪክ የሚታወቀው በዋግ ሹሞቹ፥ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ በነገሠው በዋግ ሹም ጎበዜ፥ በሰቆጣ ገበያና በኽምጣና ተናጋሪው በአገው ሕዝብ ጥንታዊነት ነው። የተራው ሰው ጣራ ከእነዚህ ሁሉ የሚያንስ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ንጉሡም ነጋዴውም ከጣራ በታች አድረዋል፤ አሞሌው፥ እህሉና መጽሐፉ በጣራው ድርቀት ተጠብቀዋል።

የደጋው ሰው ራሱን በባና ሲሸፍን ውርጩን የሚከለክለው የሱፉ ውፍረት መሆኑን ያውቃል፤ ሸማውን አውልቆ የብረት ሉህ የሚለብስ ማንም የለም። ቤቱ ግን ባናውን አውልቆ ሉሁን ለበሰ። ያን ዘመን የጨረሰውን ሣር መልሶ ማምጣት የሚቻልም የሚገባም አይደለም፤ የክዳኑ ሜዳ ታርሷል፥ የጠባቂዎቹም ሥርዐት አልፏል። የሚቻለው ከቆርቆሮው ሥር የጠፋውን ድርብ መመለስ ነው። በዚህ ደጋ ቆርቆሮ ያለበሰ ቤት ተፈጸመ ተብሎ የሚቈጠረው፥ ከሥሩ ያለው ኮርኒስ ሲመረግና ሙሌቱ ሲነጠፍ ነው።